ውሻው ይቀድማል፣ ጌታው ፌስታል ይዞ ይከተላል

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ።   በላኩት ደብዳቤ «የአገሩን ሰው ጠባይ ጻፍልኝ» ብለው ነበር። ጠባዩን ለማወቅ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከመንገድ ዳር ቆሞ ባለ ውሻዎቹን ማየት ይበቃል።

ሰውየው ከረባቱን አሥሯል፤ ምናልባት ጠበቃ ነው፣ ምናልባትም ፔንታጎን የሚሠራ ሹም። በአንድ እጁ ቡና፣ በሌላው የውሻውን ገመድ ይዟል። ውሻው ድንገት ይቆምና ቁጢጥ ይላል። ጌታው ምንም እንዳላየ ሰማይ ሰማዩን ይመለከታል። ውሻው ሲጨርስ ጌታው ከኪሱ ፌስታል ያወጣና እጁን ያጠልቅበታል። ከዚያም ይቅርታ ያድርጉልኝና ጎንበስ ብሎ ያነሳዋል፣ ገልብጦም ይቋጥረዋል። ቋጠሮውን እያወዛወዘ፣ ቡናውን ፉት እያለ መንገዱን ይቀጥላል። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከጎንደር የመጡ አንዲት እናት ይህን ከመስኮት አይተው አማተቡና «ለመድኃኒት መሆን አለበት፤ እዚህም ደብተራ አለ ማለት ነው» አሉ።

የእርስዎ ውሻ መቻል ግን ሲነጋ በግቢው በር ይወጣል፤ የት ዋልክ የሚለውም የለም። ጎረቤት በሩ ላይ የተገኘው ነገር የማን እንደሆነ ቢያውቅም፣ ለውሻ ብሎ ከሰው አይጣላምና አፈር ያለብሰዋል።

ፈረንጆቹም ይህን ጠባይ ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱት እንዳይመስልዎ። (ዘመኑን በነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ።) በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኒው ዮርክ ሰው ዓይኑን ከመሬት ሳይነቅል ነበር የሚሄደው። ያኔ ፍራን ሊ የምትባል ተዋናይትና የሸማቾች ተሟጋች «ከውሻ በፊት ልጆች» ብላ ተነሣች። የምትፈራው ቶክሶካራ የሚባለውን የውሻ አንጀት ትል ነበር። የትሉ እንቁላል አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ሕፃን ልጅ አፈር የነካ እጁን አፉ ውስጥ ሲከት ይውጠዋል፤ ትሉም አልፎ አልፎ ዓይን ድረስ ዘልቆ ያሳውራል። ባለ ውሻዎቹ ክርክሯን አልወደዱላትም፤ በአንድ ስብሰባ ላይ አንዱ ያንኑ የምትከራከርበትን ነገር ወረወረባት። የሚገርመው፣ «ባለ ውሻ ያንሳ» የሚለው ሕግ ኦገስት 1 ቀን 1978 ሥራ ላይ ሲውል እሷም ተቃዋሚ ነበረች። የእሷ ሐሳብ ውሻው በጌታው ቤት ውስጥ ይጸዳዳ የሚል ነበርና። ቅጣቱ ዛሬ 250 ዶላር ደርሷል። ችግሩ፣ ለመቅጣት ተቆጣጣሪው ድርጊቱን በዓይኑ ማየት አለበት፤ ውሻም ቀጠሮ አይሰጥም።

ፓሪስ ደግሞ ባለ ውሻውን ላለማስቸገር ብላ ሥራውን በመኪና ሞከረችው። ዣክ ሺራክ ከንቲባ ሳሉ፣ በ1982፣ ሞተር ብስክሌት ላይ መምጠጫ ቱቦ ተገጠመና ጽዳት ሠራተኞች በየእግረኛው መንገድ ይከንፉ ጀመር። ወጪው ብዙ፣ የሚነሣው ጥቂት ሆነና በ2004 ሞተሮቹ ቆሙ። መንግሥት ከኋላው እየተከተለ የሚያነሳለት ሰው ለምን ብሎ ይጎነበሳል?

ከሁሉ የላቀውን ብልሃት ያመጣችው ግን ከማድሪድ ወጣ ብላ የምትገኘው ብሩኔቴ የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። መጀመሪያ በሪሞት የሚነዳ፣ ጎማ ያለው ሰው ሠራሽ ኩስ ሠርታ የማያነሱትን ሰዎች በየመንገዱ አስከተለችባቸው። በ2013 ደግሞ 20 በጎ ፈቃደኞች አሰማራች። እነዚህ ሰዎች ባለ ውሻው ሳያነሳ ሲሄድ ካዩ ጠጋ ይሉና «እንዴት ያምራል! ስሙ ማን ይባላል?» ይላሉ። ሰውየው ውሻው ተመሰገነለትና ደስ ብሎት ይናገራል። የውሻው ስምና ዝርያ ከታወቀ የጌታው አድራሻ ከማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ይገኛል። ብዙም ሳይቆይ የከተማዋ ዓርማ ያለበት ሳጥን ከደጁ ይደርሳል፤ ላዩ ላይ «የጠፋ ንብረት» ተብሎ ተጽፏል። ሲከፍተው የራሱን ውሻ ሥራ ያገኛል። እንዲህ ያለ ሳጥን 147 ቤት ደርሷል፤ ከንቲባውም የመንገዱ ቆሻሻ በ70 ከመቶ ቀነሰ አሉ። እንደ እሷው ከማድሪድ ወጣ ብላ የምትገኘው ቶሬሎዶኔስም ለማስተማሪያ በአየር የሚነፋ ግዙፍ የፕላስቲክ ኩስ ሠርታ አደባባይ አቁማ ነበር። እሱን ሌባ ሰረቀው። ሌባው ምን እንዳደረገበት እግዜር ይወቀው።

የቤተ እስራኤል ወገኖቻችን በብዛት የሚኖሩባት የእስራኤል ከተማ ፔታሕ ቲክቫ በ2008 ነገሩን ወደ ላቦራቶሪ ወሰደችው። የውሾቹ ምራቅ በጥጥ ተወስዶ ዲኤንኤያቸው ተመዘገበ፤ በተመደበለት ሣጥን ለጣለ ሽልማት፣ መንገድ ላይ ለተወ ቅጣት ተባለ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ብዙ አፓርትመንቶች ይህንኑ ያደርጋሉ። አከራዩ ሣር ላይ የተገኘውን ናሙና ቴነሲ ወዳለ ላቦራቶሪ ይልካል፤ ጥፋተኛው ውሻ ሲለይ የቅጣቱ ደረሰኝ ለጌታው ይመጣል። ባዳ ውሻ ነው ብሎ መካድ ቀረ።

ይህ ሁሉ ድካም የቅንጦት ብቻ አይደለም። ከሰፈራችን አጠገብ ፎር ማይል ራን የሚባል ጅረት ወደ ፖቶማክ ወንዝ ይፈሳል። በውኃው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ከየት እንደመጣ በዘረ መል ሲመረመር፣ ከወፎችና ከሰው ጋር ውሻም ተገኘበት። ዝናቡ ሣሩን አጥቦ በቀጥታ ጅረቱ ውስጥ ይከታል። ደግሞ የላም እበት ቤት ይለቀለቅበታል፣ ኩበት ሆኖ እሳት ይነድበታል፤ ሥጋ የሚበላ እንስሳ ኩስ ግን ለጓሮ አትክልት እንኳ አይሆንም።

አሁን ወደ እኛ ሰው ልምጣ። አባትየው አገር ቤት ሳለ ውሻ ሲያይ ድንጋይ ያነሳ ነበር። እዚህ ልጆቹ አልቅሰው አስገዙት፤ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ውሻው ለእሱ ቀረ። በክረምት ብርድ ጋቢውን ደርቦ፣ ከሐበሻ ሱቅ እንጀራ የመጣበትን ፌስታል ይዞ ይወጣል። ፈረንጅ ሲያልፍ ቶሎ ብሎ ያነሳል። ሐበሻ ሲመጣ ግን ፌስታሉን ጋቢው ውስጥ ደብቆ ስልክ የሚያናግር ይመስላል። ማንም በማያልፍበት ሰዓት የሚያደርገውን ፈጣሪ ያውቃል። እንዲያውም ፈረንጁም ከዚህ አይሻልም፦ በሚገባ ቋጥሮ፣ ሰው ዞር ሲልለት ቋጠሮውን ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ሰቅሎት የሚሄድ ሞልቷል። ስለዚህ ሰውን ከቅጣትም ከላቦራቶሪም ይልቅ የሚያስጎነብሰው የጎረቤት ዓይን ነው፤ ብሩኔቴዎች በርካሽ የገባቸው ይኸው ነው።

ቪዛው ተሳክቶልዎ በበጋ ሲመጡ አንድ ነገር ብቻ ያስታውሱ። ጠዋት ገመድ የያዘ ጎረቤት ቆሞ ሰላም ቢልዎ፣ በአገራችን ወግ ቀኝ እጅዎን እንዳይዘረጉ። ከአንገትዎ ዝቅ ብለው ሰላምታውን ይመልሱና ይለፉ።

አክባሪ የእህትዎ ልጅ