የደሴው አድናቂ

ነገሩ የጀመረው እናቴ ፖስታ ቤት የላከችኝ ቀን ነው። ጅዳ ላለችው እህቴ ደብዳቤ ጽፋ፣ ማለቴ እሷ እየተናገረች እኔ ጽፌ፣ «ስትመለስ በርበሬውን ከወፍጮ ቤት ይዘህ ና» አለችኝ። በርበሬው እዚያው አደረ። ለምን እንዳደረ እደርስበታለሁ።

ዘመኑ 1986 ዓ.ም. ነው። በ1985 የፕሬስ አዋጁ ከወጣ ወዲህ ጋዜጣና መጽሔቱ እንደ አሸን ፈልቶ ነበር። ከእነዚያ በአንዱ ወርኃዊ መጽሔት ላይ የእኔም ወግ ወጥታለች። ሦስት ቅጂ ገዝቼ አንዱን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ሰፈሩን ዞርኩት፤ «ምን ይዘሃል?» ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። የሚቀጥለው እትም ሲወጣ የአንባቢያን ደብዳቤ ገጽን ገለጥኩ። ስለ መስቀለኛ ቃላቱ ስሕተት ሁለት ሰው ጽፏል። ስለ እኔ ማንም። እናንተዬ፣ ያ ዝምታ እንዴት እንዳመመኝ!

ስለዚህ ያን ቀን ቸርችል ጎዳና ዋናው ፖስታ ቤት ከመግባቴ በፊት አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ስለ ራሴ መጻፍ ጀመርኩ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባል የለ? እኔም ደሴን መረጥኩ፤ የደሴ አስተማሪ ሆንኩ። ደግሞ ያልተጠነቀቅኩት ነገር የለም። እኔ በፊደል ነገር ድርቅ የምል ሰው ነኝ፤ «ሥራ»ን በንጉሡ ሠ፣ «ፀሐይ»ን በፀሐዩ ፀ፣ «ዐይን»ን በዐይኑ ዐ ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ አዘጋጁም ይህን ጠባዬን ያውቃሉ። እናም ልቤ እየደማ «ስራ»፣ «ጸሀይ»፣ «አይን» ብዬ ጻፍኩ። እጅ ጽሕፈቴንም ወደ ግራ አጋደልኩት። ሦስት ጊዜ ገልብጬ ስጨርስ ወፍጮ ቤቱ የሚዘጋበት ሰዓት አልፏል።

ሁለቱን ፖስታ አሽጌ ቴምብር ለጥፌ ሣጥኑ ውስጥ ከተትኩ።

ከዓመታት በኋላ ብቻዬን እንዳልሆንኩ አንብቤያለሁ። አሜሪካዊው ዋልት ዊትማን እ.ኤ.አ. በ1855 የራሱን የግጥም መጽሐፍ ስሙን ሳይገልጽ በጋዜጣ አሞግሷል። እንግሊዛዊው አንተኒ በርጀስም በ1963 በብዕር ስም ያሳተመውን ልብ ወለድ ራሱ በጋዜጣ ገምግሞ ተባሯል። ያኔ ግን ይህን የሚነግረኝ አልነበረም።

በሳምንቱ የወጌን ክፍያ ልቀበል ወደ ዝግጅት ክፍሉ ሄድኩ። አዘጋጁ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ብሩን ቆጥረው ሰጡኝ፤ አስፈረሙኝ። ከዚያ መሳቢያቸውን ስበው አንድ ፖስታ አወጡና በጀርባው ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝ። ሙሉ ስሜ ከነአባቴ ስም፣ ከነፖስታ ሣጥን ቁጥራችን። ያውም «ሣጥን» በንጉሡ ሠ! «ስምህን ከኋላ ጻፍ፣ ሰው ካጡ ይመልሱልናል» የምትለው እናቴ ናት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳልጽፍ ያሸግኩት ፖስታ የለም። እጄ የለመደውን አደረገ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

«ልጄ» አሉኝ አዘጋጁ፣ «ወግህን ወድጃት ነው ያወጣኋት። ይህ አልበቃህም?»

ምን ልበል? ወለሉን አየሁ። አንዱ ጣውላ ተነቅሎ ነበር፤ ምስማሩን ዛሬም ብታሳዩኝ አውቀዋለሁ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ሻይ አዘዙልኝ፤ እንደዚያ የሚያቃጥል ሻይ ጠጥቼ አላውቅም።

ፖስታዬን ይዤ ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ። ደብዳቤ ከሣጥን የሚያመጡት ሽማግሌው ዘበኛ በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና፣

«ከደሴ መቼ ገባህ?» አሉኝ።