መላእክቱ ሌሊት ይመጣሉ

ላሊበላ ሲታነጽ ቀን ሰው ሲፈለፍል ይውላል፣ ሌሊት መላእክት ተረክበው ያድራሉ ይላል ትውፊቱ። ጸጋው በዘመናችንም አልተቋረጠም። ፒፓ ቢድል የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ2014 እንደጻፈችው፣ ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር ታንዛንያ ወርደው ለሕፃናት ማሳደጊያ ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ፣ ቀን ያጣመሙትን ጡብ የአገሩ ሰዎች ሌሊት እያፈረሱ ቀጥ አድርገው ይደረድሩት ነበር፤ ተማሪዎቹ እንዳያውቁ። እነዚህኞቹ መላእክት ክንፍ የላቸውም እንጂ ቱንቢ አያጡም።

ለቤተ መጻሕፍት እንዲህ ከሆነ ለቤተ ክርስቲያንማ አስቡት! የአሜሪካ ምእመናን ኬክ ሸጠው፣ መኪና አጥበው ትኬት ይቆርጣሉ፤ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ለአንድ ሳምንት ወደ ላቲን አሜሪካ ይወርዳሉ። ሒሳብ ሠራተኛው አለ፣ የጥርስ ሐኪሟ አለች፣ ጢም ያላበቀለ ጎረምሳም አለ። እቤቱ ቧንቧ ሲያንጠባጥብበት ባለሙያ የሚጠራ ሰው፣ ፓስፖርቱ ላይ ማኅተም ባረፈ ማግስት ግንበኛ ነው። የእኛ አገር ልጅ ግንበኛ ለመባል ስንት ዓመት ሲሚንቶ ያቦካል፣ ባሬላ ይሸከማል። ሞኝ! ቪዛ አያስመታም? (ከሰጡት ማለቴ ነው።)

ደስታ ባለበት ነገረኛ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1998 ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ ሆንዱራስን ካወደመ በኋላ ቤት ሊሠሩ የጎረፉትን በጎ ፈቃደኞች ኩርት ቬር ቢክ የተባለ የሶሲዮሎጂ ምሁር ተከትሎ ሒሳብ አወጣባቸው። እንግዶቹ የሠሩት አንድ ቤት፣ የአውሮፕላን ትኬቱ ሲታከልበት፣ 30 ሺህ ዶላር ገደማ ፈጅቷል፤ የአገሩ ድርጅት በአገሩ ሠራተኛ ሲያሠራው ግን 2 ሺህ ዶላር ገደማ። በአንዱ ዋጋ 15 ቤት ይቆም ነበር ማለት ነው። ይቁም! በ15ቱ ቤት ፊት አቧራ ተቀብቶ፣ ሕፃን አቅፎ ፎቶ የሚነሣው ማን ሊሆን ነው? የሆንዱራስ ግንበኛ እንደሆነ አቧራው ብርቁ አይደለም፤ ሕፃኑም የራሱ ነው።

ሮበርት ላፕተን «ቶክሲክ ቻሪቲ» በሚለው መጽሐፉ የሚያነሣው የሜክሲኮ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በአንድ የዕረፍት ወቅት 6 ጊዜ ቀለም ተቀብቷል፤ 6 ቡድን ስለመጣ። አንደኛው ቀባ። ሁለተኛው መጣ፤ ብሩሹን ይዞ ይመለስ? እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም። በኢኳዶር እንግዶች የሠሩትን ቤተ ክርስቲያን ግን የአካባቢው ሰው አያስፈልገንም ብሎ ሳይገለገልበት ቀረ። ምስጋና ቢስ! ቀድሞ የጠየቀው ሰው ነበር እንዴ ዛሬ መልስ የሚሰጠው?

በነጮቹ ብቻ አልስቅም። እኛም ከውጭ መጥተን በትውልድ መንደራችን የመሠረት ድንጋይ ስናስቀምጥ፣ ካሜራው እስኪስተካከል ድንጋዩ በእጃችን ላይ ይቆያል።

እንግዲህ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። እንግዳ የሚበዛበት መንደር ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ራቅ አድርጎ አንድ የእንግዳ ግድግዳ ይከልል፤ በር የለውም፣ ጣሪያም አይጠብቅ። ሰኞ የመጣ ቡድን ይገንባው፣ ይቀባው፣ ይዘምርበት፣ እንባውን ያፍስስበት። አርብ ተሸኝቶ ሲሄድ ይፈርስና ጡቡ ለመጪው ሰኞ ይከመራል። ግንበኞቹም ቢያንስ ሌሊቱን ይተኛሉ።