ባነሩ ማን ጋ ነው?

በዓለም በፍጥነታቸው ከተመዘገቡት 500 ታላላቅ ሱፐር ኮምፒውተሮች ከ2017 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ወዲህ አንድም ሳይቀር የሚሠሩት ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነው በሊኑክስ ነው። የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነገር እዚህ ደርሷል። እንዲህ ያለውን ሶፍትዌር ከሚጽፉት መካከል ተያይተው የማያውቁ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ኮድ ሲሆን አያቅታቸውም። አንድ ጠረጴዛ ማሰናዳት ግን ዳገት ይሆንባቸዋል።

ዳገቱን ማየት የፈለገ ጥር ሲያልቅ፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ሲጠባ፣ ብራስልስ ይሂድ። ፎስደም የተባለውና በ2000 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ሠሪዎች ስብሰባ በየዓመቱ በሶልቦሽ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ይካሄዳል። መግቢያው ነጻ፣ ምዝገባ የለ፣ ሕዝቡ በሺዎች። ቦታ የተፈቀደለት ፕሮጀክት ጠረጴዛ ይሰጠዋል፤ ማልበሱ የራሱ ፋንታ ነው።

ዝግጅቱ ከወራት በፊት ይጀመራል። ክርክሩ ማለቴ ነው። የጠረጴዛ ልብሱ ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ? ስቲከሩ ክብ ይሁን ባለ ስድስት ማዕዘን? (ባለ ስድስት ማዕዘኑ ላፕቶፕ ላይ ሳይዛነፍ ይገጣጠማል ባዮቹ ነገሩን እንደ ሃይማኖት ይዘውታል።) ኮድ ይታይልኝ ሲባል ዝር ያላለው ሁሉ፣ የቲሸርት ቀለም ሲነሳ ከያለበት ብቅ ይላል። እንግሊዛዊው ፓርኪንሰን በ1957 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ጠባይ አስቀድሞ ታዝቦታል፦ ኮሚቴው የአቶሚክ ማብላያውን በደቂቃዎች አጽድቆ ለብስክሌት ማቆሚያው ሲሟገት ይውላል፤ ማብላያው ያልገባው ሁሉ ስለ ጣሪያ ያውቃልና። በ1999 እ.ኤ.አ. ፍሪቢኤስዲ የተባለው የክፍት ምንጭ ፕሮጀክት ፕሮግራመር ፖል-ሄኒንግ ካምፕ ምሳሌውን ለባልደረቦቹ ጻፈላቸው። ከዚያ ወዲህ ምሳሌውን የማይጠቅስ የለም፤ የሚጠቅሰው ግን ባብዛኛው ክርክሩን ለማራዘም ነው።

«እሺ፣ ባነሩ ማን ጋ ነው?» ሲባል ጸጥታ ይወርዳል። ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ። አንዱ ባለፈው ዓመት ለእገሌ ሰጥቼዋለሁ ይላል፤ እገሌ ሥራ ለውጦ አገርም ለውጧል። የሰፈራችን እድር እንኳ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ ማን እጅ እንዳለ በመዝገብ ያውቃል። እያንዳንዷን የኮድ መስመር ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደለወጣት የሚመዘግቡት ሰዎች ግን አንድ ባነር ያለበትን አያውቁም!

ዓርብ ማታ በልማዱ የቢራ ምሽት አለ፤ የቀረው ዝግጅት እዚያ ይጠናቀቃል።

ቅዳሜ ጠዋት ስብሰባው ሲከፈት፣ ፕሮግራሙን ለጎብኚ የሚያሳዩበት ማሳያ እምቢ ይላል። የፎስደም ዋናው ዋይፋይ በአዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት፣ በአይፒቪ6፣ ብቻ የሚሠራ ነው፤ ይህ ለማይሆንለት ደግሞ «ፎስደም-ኤንሸንት» የሚባል፣ የጥንቱ እንደማለት፣ ሌላ ኔትወርክ ተዘርግቷል። የነገውን ቴክኖሎጂ ላሳያችሁ ብሎ የመጣው ፕሮጀክት ግራ ቀኙን ገልመጥ ገልመጥ አድርጎ፣ ድምፁን አጥፍቶ ወደ ጥንቱ ይገባል። ኔትወርኩ ሲገኝ ባትሪ ያልቃል። ላፕቶፑ ጎን ሦስት ሰው ቆሟል፤ ሦስቱም ኤክስቴንሽን ገመዱን ሌላው ይዞታል ብለው ነው የመጡት።

ቲሸርቱ ለብቻው ጉድ ነው። ጎብኚው ከፍ ዝቅ አድርጎ ያየውና «ነጻ አይደለም እንዴ?» ይላል። ነጻ የተባለው ኮዱ ነው፤ ቲሸርቱ ማተሚያ ቤት የተከፈለበት ነው። ይህን ለማስረዳት ግማሽ ቀን ይሄዳል። ሲያዙ በዝርዝር የተከራከሩበት ቲሸርት መካከለኛው ቁጥር ቶሎ ያልቅና፣ የሚተርፈው ሁለት ሰው የሚያስገባው ነው።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ዴቢያን የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት በግራፊክ መጫኛው ለመጫን ስትነሱ ከሚመረጡት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ያን የተረጎመ ሰው አለ፤ ቁጭ ብሎ፣ ቃል ከቃል አመዛዝኖ የሠራ። ለጎብኚ መነገር ያለበት እንዲህ ያለው ነው። ጎብኚውም ቢሆን ስቲከሩን በእፍኙ ዘግኖ፣ ፕሮጀክቱ ምን እንደሚሠራ ሳይጠይቅ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ይሻገራል።

እዚያው ብራስልስና አካባቢው ያላችሁ ወገኖች በስብሰባው ሰሞን ጎራ በሉ፤ የሚከለክላችሁ የለም። ስቲከር ከማንሳታችሁ በፊት ግን «ይሄ ፕሮግራም ምን ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን የሚያውቀው ሰው ኤክስቴንሽን ሊገዛ ወጥቶ ከሆነ ትንሽ ታገሱት።