«ና» ያለሽ ፈረንጅ አልሰደበሽም

ፍራንክፈርት፣ ጀርመን

ይድረስ ለውድ እናቴ፦

እማዬ፣ የእሁዱ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። በምስል እያወራን ሳለ አንቺ ግቢ ውስጥ የሚሮጠውን ማሙሽን «ና!» ብለሽ ጮህሽበት። ከኋላዬ ሻይ ያፈላ የነበረው አብሮኝ የሚኖረው ጀርመናዊ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ ጥርሱን እያሳየ «ና?» አለሽ። ፊትሽ ሲለዋወጥ አይቻለሁ። ስልኩን የቆረጠው ኔትወርክ ነው ብትዪም አላመንኩሽም። ማታ ለእህቴ «እሱን የሚያክል ልጅ ያደረስኩ ሴት፣ ‹ይምጡ› ቢቀር ‹ነይ› እንኳ አይለኝም? ጭራሽ ወንድ ያደርገኛል?» ማለትሽን ሰምቻለሁ።

ልጁ አልበደለም። በጀርመንኛ «ና?» ማለት «እህ፣ እንዴት ነው?» ማለት ነው። መልሱም ያው «ና!» ነው። ሁለት ሰዎች ደረጃ ላይ ይገናኛሉ፤ አንዱ «ና?» ይላል፣ ሌላው «ና!» ይላል፤ በቃ፣ ተጠያየቁ። የእኛ ሰው ከብቱን፣ አዝመራውን፣ ልጆቹን ጠይቆ ሳይጨርስ ጀርመን ሥራ ቦታው ደርሷል። ማሙሽን ስትጠሪ ሰላም ያልሽው መስሎት አጸፋውን መለሰ እንጂ ሌላ ምንም የለበትም።

እኔን ራሴን ይህቺ ቃል ስንት ጉድ ሠርታኛለች። መጋዘን ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አለቃዬ ባጠገቤ ሲያልፍ «ና?» ይለኛል። እኔም ካርቶኑን ጥዬ ከኋላ ከኋላው! ሲቆም እቆማለሁ፣ ሲሄድ እሄዳለሁ። አንድ ቀን እስከ መጸዳጃ ቤቱ በር ሸኝቼዋለሁ።

ታዲያ ጣጣው በጀርመን ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ መጋዘናችን ግን ከየአገሩ ሰው የተለቃቀመበት ነው። ሩሲያዊው ዳቦ ቆርሶ «ና» ሲለኝ «እንካ» ማለቱ ነው፤ ይህን እንኳ ወደድኩት፣ ተጠርቼ ሄጄ ባዶ እጄን አልተመለስኩም። ከህንድ የመጣችውን ባልደረባዬን ግን ቡና እንጠጣ ብላት «ና ና!» አለችኝ። ሁለቴ መጠራቴ ደስ ብሎኝ ወንበሬን ይዤ ሄድኩ። ለካ እምቢ ማለቷ ነው። የእሷ «ና» ከጥንት ከሳንስክሪት የወረደ «አይደለም» ነው፤ ጀርመኖች እምቢ የሚሉበት «ናይን»ም የዚያው ሥር ቅርንጫፍ ነው፣ «አንድም የለም» እንደማለት።

ከሁሉም የባሰው የግሪኩ ነው። መንገድ ዘግቼበት ኖሮ፣ አምስቱንም ጣቶቹን ዘርግቶ መዳፉን ወደ ፊቴ ቀሰረና «ና!» አለኝ። ሰላምታ መስሎኝ መዳፌን ከመዳፉ ጋር አጋጨሁለት። መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። ለካ ነገሩ የግሪክ ክፉ ስድብ ኖሯል፤ በእኛ «እንካ ቅመስ!» እንደማለት። በቢዛንታይን ዘመን የጥፋተኛ ፊት ላይ ጥላሸት ይቀባ ከነበረበት ልማድ የመጣ ነው ይላሉ። ይኸው ግሪካዊ ግን አሁን የልብ ወዳጄ ነው፤ የሰደበውን ሰው እጅ የጨበጠ በሕይወቱ አላየም።

ኬንያዊው «ቻይ ና ማንዳዚ» ሲል ደግሞ እኔው ራሴ ደነገጥኩ። የስዋሂሊው «ና» የእኛው «ና» ነው እኮ፣ «ሻይና ማንዳዚ»! ዝምድና የለንም፣ አጋጣሚ ነው። ኮሪያዊቷ «ና» ስትል ደረቷን ትነካለች፤ «እኔ» ማለቷ ነው። ለትልቅ ሰው ስትናገር ግን ራሷን ዝቅ አድርጋ በሌላ ቃል ትጠራለች። ይህቺን ብታገኚ ምራቴ ትዪያት ነበር።

በ1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን እስራኤል የገባችው የጎረቤታችን ልጅ የነገረችኝንም ልንገርሽ። እዚያ እንደደረሰች አንዲት ሠራተኛ «ቦኢ ና» አለቻት። «ቦኢ» የሚለው አልገባትም፤ «ና» የሚለው ግን ስለገባት፣ «ወንድ አደረገችኝ» እያለች ተነስታ ሄደች። በዕብራይስጥ «ነይ» ማለት «ቦኢ» ነው፤ «ና» ደግሞ «እባክሽ» ነው። የገባት የተሳሳተው ግማሽ ሆኖ ሳለ ግን ትክክለኛው ቦታ ደረሰች። ደግሞ ሌላ «ና» አላቸው፣ «ጥሬ» ማለት ነው። በኦሪት ዘፀአት 12፥9 የፋሲካው በግ እንዳይበላ የተከለከለው «ና» ሆኖ ነው። እኛ ደግሞ ፋሲካ ሲደርስ ሰው የምንጠራው «ና፣ ጥሬ ሥጋ እንብላ» ብለን ነው! አጎቴ ይህን እንዳይሰማ አደራ፤ ቢላውን አስቀምጦ ክርክር ይጀምራል።

የእኛዋስ ከየት መጣች? የኔታ ያስጠኑንን ግዕዝ ታስታውሻለሽ፦ ነዓ፣ ንዒ፣ ንዑ። የአማርኛ ጉሮሮ ዓይኑን «ዓ» ዋጠና «ና፣ ነይ፣ ኑ» ቀረ፤ ትግርኛ ተናጋሪዎች ግን ዛሬም ከጉሮሯቸው አውጥተው «ንዓ» ይላሉ። የሚገርምሽ፣ «መጣ»፣ «ይመጣል»፣ «አትምጣ» እንላለን፤ «ምጣ» ግን አንልም። ሰው ስንጠራ ከሌላ ቃል ነው የምንበደረው። ዐረቦችም «መጣ»ን «ጃአ» ብለው «ና»ን «ተዓል» ይላሉ፣ ስዋሂሊዎችም «መምጣት»ን «ኩጃ» ብለው «ና»ን «ንጆ»። ሰው የሚጠራ ሁሉ ለሰዋስው ጊዜ የለውም መሰለኝ፤ አንቺም ሲመሽ ከበሩ ላይ ሆነሽ ስትጠሪኝ አልነበረሽም።

ለጀርመናዊው ሁሉንም አስረድቼው እጅግ ደንግጧል። ለእናት ምን እንደሚባል ጠይቆኝ «ይምጡ» አስተማርኩት። ሦስት ቀን ሙሉ ሳህን እያጠበ ሲለማመድ ሰንብቷል፤ ችግሩ «ጡ» አልወጣ ብሎት «ይምቱ» ይላል። እሁድ ስትደውዪ ብቅ ብሎ «ይምቱ!» ካለሽ አክብሮት ነው፤ አደራ ማሙሽ ላይ እጅሽን እንዳታነሺ።

ናፋቂ ልጅሽ