ምርትህን እንዴት ትገድላለህ?

ፕሮዳክት ማናጀር ከሆንክና የያዝከውን ምርት መግደል ካሰኘህ፣ ከወንበርህ አትነሣ። የሙያውን አጀማመርም እርሳው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1931 የፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ኩባንያ ባልደረባ ኒል ማክኤልሮይ ለእያንዳንዱ ምርት ኃላፊ ይመደብለት ብሎ ማስታወሻ ሲጽፍ፣ ያ ኃላፊ ገበያው በደከመበት አካባቢ ራሱ ሄዶ ነጋዴውንም ገዢውንም እንዲያነጋግር ጠይቆ ነበር። አንተ አትሂድ። ሰንጠረዡ ይበቃሃል።

ሰንጠረዥ ምን እንደሚያደርግ እኔ አይቻለሁ። ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ መተግበሪያ ሠርተን ነበር። ከታካሚዎቹ ብዙዎቹ «ቀጠሮ ያላከበሩ» በሚለው ዓምድ ሥር ይቆጠሩ ጀመር። ሰዉ ቸልተኛ ነው ብለን ተሰበሰብንና የማስታወሻ መልእክቱ በቀን ሁለቴ እንዲላክ ወሰንን።

አንድ ቀን ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሕፃኑ ትኩሳት አለው፤ በነጠላቸው ጫፍ ግንባሩን ይጠርጉለታል። ስልካቸውን አውጥተው «ልጄ፣ ሰዓቱ እኮ አለፈ» አሉኝ። መልእክቱ «ቀጠሮዎ 3:00» ይላል። እኛ በፈረንጅ ሰዓት ጽፈነዋል፤ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ማለታችን ነው። እሳቸው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ደርሰዋል። ታግሦ 6 ሰዓት ሙሉ የሚጠብቅ ይጠብቃል፤ ያልቻለው ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ እኛም ቀጠሮ አላከበረም ብለን እንመዘግበዋለን። የጨመርነው ማስታወሻ ያንኑ የተሳሳተ ሰዓት ደግሞ የሚነግር ነበር።

«እማማ ብቻ አይደሉም፣ በየቀኑ ነው» አለኝ የበሩ ጥበቃ። እሱን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ጥበቃውን አትጠይቅ፣ እንግዳ ተቀባይዋንም። የሽያጭ ክፍሉ ለደንበኛ ቃል የገባውን ሁሉ እሺ በል። ፕሮግራመሮቹን ሳታማክር የሚያልቅበትን ቀን አሳውቅ፤ ሲዘገይ እነሱን ውቀስ። ቅጹ ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚለውን ግዴታ አድርግና የእኛ ሰው የአባቱን ስም ይጻፍ የአያቱን ሲጨነቅ ተወው። የወሩን ሪፖርት ስታቀርብ ስንት አዲስ ነገር እንደጨመርክ ቁጠር እንጂ የማን ችግር እንደተቃለለ አታንሣ። ይህን ሁሉ ካደረግህ ምርቱ ይሞታል፤ ከሱ በፊት ግን የሚጎዳው አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ነው።

ያን ዕለት ቢሮ ተመልሼ የሆነውን ለባልደረቦቼ ነገርኳቸው። ፕሮግራመራችን ቁጥሩን ወደ እኛ ሰዓት ቀይራ ከጎኑ «ከጠዋቱ» እና «ከሰዓት በኋላ» የሚሉትን ጨመረች። ሥራው ግማሽ ቀን አልፈጀባትም።