ፍትሕ የሚጠናው ቧንቧው ጋ ነው

ከ5ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ሥነ ዜጋ ያው 11 ምዕራፍ ነበር። ልጁ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ይወርደዋል። የእረፍት ደወል ሲደወል ግን ትንሿን ልጅ ገፍትሮ ቧንቧው ላይ ይጎነበሳል። «ፍትሐዊነትን እኮ አጥንቷል!» አጥንቷል፤ አልሞከረውም።

«አሁንማ እስከ 6ኛ ክፍል ግብረ ገብ ሆኗል።» ስሙ ተቀየረ፤ አሰጣጡስ? ትምህርቱ ከራሱ ከቧንቧው ወረፋ ይጀመር። ልጆቹ በእረፍት ሰዓት ቆመው ይታዘቡ፤ ማን ይገፋል፣ ማን ሳይጠጣ ይመለሳል? ጥበቃውንም ርዕሰ መምህሩንም ይጠይቁ፤ ተከራክረው ደንብ ያውጡ፤ ሳምንት ሞክረው ያልሠራውን ያርሙ። የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ኃላፊነት፦ ሦስት ምዕራፍ በአንድ ቧንቧ!

«የፈረንጅ ፋሽን ነው።» ከችግር ተነሥቶ የማስተማር ዘዴው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 ካናዳ ውስጥ በማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ለሕክምና ተማሪዎች ተጀመረ፤ እውነት ነው። የእኛው የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲስ ከዓላማዎቹ ቀዳሚ አድርጎ ችግር የመፍታት አቅምን አልጻፈም?

«ሕፃን ስለ ፍትሕ ምን ያውቃል?» ብስኩቱን የተቀማ ሕፃን ከመጽሐፉ በላይ ያውቃል።

«40 ደቂቃ አይበቃም።» በአንድ ክፍለ ጊዜ ይለቅ ያለ ማን አለ? አንዱ ለመታዘብ፣ አንዱ ለመወያየት፣ አንዱ ለመወሰን ይሁን።

«ክፍሉ 70 ተማሪ ነው።» ሰባት ሰባት ሆነው ይቀመጡ፤ 10 ቡድን ይወጣል። ለንግግር የሚከብደው 70 ዝምተኛ ነው።

«መምህሩ ሥራ ሊፈታ ነው?» ይበዛበታል እንጂ! መልስ መስጠት ቀላል ነው፤ ልጅ መልሱን እስኪያገኝ እየጠየቁ መጠበቅ ይከብዳል። ለዚህም ሥልጠናና ጊዜ ይገባዋል።

«ፈተናስ?» ፈተናውም ይለወጥ። «ፍትሕ ምንድን ነው?» ከማለት «ይህን ወረፋ እንዴት ታስተካክላለህ? ለምን?» ይባል።

«ጠያቂ ልጅ ባለጌ ይሆናል።» ሲጠይቅ የሚሰማው ያገኘ ልጅ ሌላውን መስማት ይማራል። የሚባልገው አፉን ሲከፍት ዝም በል የተባለው ነው።

መምህራን ሆይ፣ ሰኞ ትርጉም አታስጽፉ። ከግቢያችሁ አንድ ችግር ምረጡና ለልጆቹ ስጧቸው። ወላጆችም ማታ «ምን ሸመደድክ?» ማለቱን ትታችሁ «ዛሬ ምን አስተካከላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዜግነት የሚለመደው እየሠሩት ነው።