ቡርፒ

ጾም ከተውሁ ሰባት ዓመት ሞላኝ። በዓመት ከ180 ቀን በላይ መጾም በዛብኝ ብዬ ነበር የወጣሁት፤ አሁን 365ቱንም እጾማለሁ። እስከ ስድስት ሰዓት ውኃ ብቻ። ያዘዘኝ ስልኬ ነው። የንስሐ አባቴ እንኳ ሲያመኝ "አፍርስ፣ ልጄ" ይሉኝ ነበር፤ ይኼኛው ትኩሳት የሚባል ነገር አያውቅም።

ጠዋት፣ የአምባሰል ተራራ ገና ጉሙን ሳይገልጥ፣ ከሐይቅ ከተማ እስከ እስጢፋኖስ ገዳም እሮጣለሁ። ከበሩ ስደርስ አልሳለምም፤ ሰዓቴን አይቼ እመለሳለሁ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን የገደሙት ቦታ ለእኔ የመዞሪያ ምልክት ሆኗል። ይቅር ይበሉኝ።

ልጄን ያለ ክልከላ አሳድጋለሁ ብዬ ምዬ ነበር። ባለፈው መውሊድ ጎረቤታችን ከረሜላ ቢሰጧት ከእጇ ነጠቅሁ። ሴትዮዋ "ሐራም ነው እንዴ?" ብለው ደነገጡ። ምን ልበላቸው? በቤታችን ኃጢአት የሚባል ነገር የለም፤ ከስኳር በቀር።

ትናንት ግቢ ውስጥ ቡርፒ ስሠራ ልጄ አየችኝ። ቡርፒ መሬት መደፋት፣ መነሳት፣ መዝለል፣ እንደገና መደፋት ነው። በስቅለት ጉልበቴን አመመኝ እያልሁ ከስግደት እደበቅ የነበርሁት ሰውዬ፣ ሃምሳ አደርሳለሁ።

"አባዬ፣ ለማን ነው የምትሰግደው?"

"ለሆዴ።"

ቡና የምትቆላው እናቴ ከምጣዱ ቀና እንኳ አላለችም።

"ድሮስ ለማን ሰግዶ ያውቃል?"